ኮምፒውተሩ ሲያነበው ሲቪሽ ላይ ስምሽ የለም

ጥያቄው ባጭሩ ይኸውላችሁ። ፒያሳ የምትኖር፣ በአካውንቲንግ የተመረቀች እህታችን እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ከአራት ዓመት በላይ በሂሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ፤ የ84 ሰው ደመወዝ ብቻዬን ነበር የማዘጋጀው። ድርጅቱ ሰው ሲቀንስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከስልሳ በላይ ቦታ በኦንላይን አመለከትኩ፣ አንድም ቦታ ለፈተና አልተጠራሁም። ሁለቱ ደግሞ ማመልከቻውን በላክሁ በደቂቃዎች ውስጥ ‹አልተመረጡም› የሚል ኢሜይል ላኩልኝ፣ ያውም በሌሊት። ሲቪዬን አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያሠራሁት፤ ባለ ሁለት አምድ፣ ባለ ቀለም ነው። አንድ ልጅ ኤቲኤስ የሚሉትን የቅጥር ሶፍትዌር የሚያልፍ ሲቪ በ2,000 ብር ልሥራልሽ ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ የማስታወቂያውን ቃላት ግርጌው ላይ በነጭ ቀለም ለጥፊው፣ ሰው አያየውም ኮምፒውተሩ ግን ያነበዋል ትለኛለች። ማሽኑ ነው የሚጥለኝ? ምን ላድርግ?» ሲቪውንና ቶሎ የመለሱላትን የሁለቱን ድርጅቶች ማስታወቂያ አያይዛለች።

እህቴ፣ ብሩን አትክፈይ፤ በነጭ ቀለምም አንድ ቃል አትጻፊ። ማሽኑ ይጥለኛል ወይ ላልሽው፣ እኔ በ17 ዓመት የሰው ሀብት ሥራዬ ካየሁት ተነስቼ ስነግርሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲቪሽን ፈልጎ አያገኘውም ማለቱ ይቀርባል። ይህ ደግሞ በአንድ ምሽት የሚስተካከል ነገር ነው።

የላክሽልኝን ፋይል ከፈትኩት። የወርድ ፋይል ነው። ለዓይን ያምራል፤ ከላይ ስምሽና ስልክሽ በትልቁ፣ በግራ ሰማያዊ መደብ ላይ ችሎታሽና ቋንቋሽ፣ በቀኝ የሥራ ልምድሽ። ከዚያ ሁሉንም መርጬ ገለበጥኩና ኖትፓድ ላይ ለጠፍኩት። ኖትፓድ በተራ ጽሑፍ ሲሠራ ቀለምም ሥዕልም ሠንጠረዥም አያውቅም፣ የሚቀበለው ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ የቅጥር ሶፍትዌር ከፋይልሽ ውስጥ ምን ሊያወጣ እንደሚችል በግምት ያሳይሻል። የወጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ በአማርኛ ላስቀምጥልሽ፦

«ችሎታ የሥራ ልምድ ኤክሴል የሂሳብ ሠራተኛ ፒችትሪ ኅዳር 2013 – ሰኔ 2017 ቋንቋ የባንክ ሂሳብ ማመሳከር አማርኛ ደመወዝ ማዘጋጀት እንግሊዝኛ»

እስቲ ደጋግመሽ አንብቢው። «አማርኛ ደመወዝ ማዘጋጀት» የሚባል ሥራ የለም፤ ከፋይልሽ የወጣው ግን እሱ ነው። ሲቪሽን የሠራልሽ ሰው ሁለቱን አምዶች ያቆመው መስመሩ በተደበቀ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዥ ደግሞ ረድፍ በረድፍ ነው የሚነበበው፤ ከግራው ሳጥን አንድ ቃል፣ ከቀኙ ሳጥን አንድ ቃል እየወሰደ ይወርዳል። የአንቺ ዓይን የግራውን አምድ ጨርሶ ወደ ቀኙ ይሄዳል፣ ሶፍትዌሩ እንደዚያ እንዲያደርግ የነገረው የለም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከፋል። ኖትፓዱ ላይ ስምሽን ፈለግሁት፣ የለም። ስልክሽም ኢሜይልሽም የሉም። ስምሽና አድራሻሽ የተጻፉት ሄደር ውስጥ ነው፣ ማለትም በየገጹ ራስጌ ላይ እንዲደጋገም በሚደረገው ክፍል። የወርድ ፋይል በውስጡ የብዙ ትንንሽ ፋይሎች ጥቅል ነው፤ ዋናው ጽሑፍ በአንዱ፣ ሄደሩና ፉተሩ በሌሎች ተለይተው ይቀመጣሉ። ዋናውን ብቻ አንብበው የሚያልፉ ሶፍትዌሮች አሉ። እንዲህ ያለው ሲያገኝሽ የሂሳብ ሠራተኛ የሆነች፣ ስም የሌላት፣ የማይደወልላት ሰው ትሆኛለሽ። ከኤክሴል ጎን የደረደርሻቸው አምስት ኮከቦችም ሥዕል ስለሆኑ አብረው ጠፍተዋል።

እዚህ ላይ ከማዶ ያለውን ላሳይሽ። ኤቲኤስ የሚሉት የአመልካቾችን ማመልከቻ የሚሰበስብና የሚያደራጅ ሶፍትዌር ነው። ወርክዴይ፣ ታሌዮ፣ ሰክሰስፋክተርስ፣ ግሪንሃውስ የሚሉ ስሞች በምታመለክቺበት ሊንክ ላይ ሳያጋጥሙሽ አልቀሩም። ሲቪሽን ስትልኪ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ጽሑፉን ከፋይሉ ያወጣል። ከዚያ «የሥራ ልምድ»፣ «ትምህርት»፣ «ችሎታ» የሚሉትን ርዕሶች እያየ ይከፋፍለዋል። ቀን የሚመስለውን ቀን ብሎ፣ የመሥሪያ ቤት ስም የሚመስለውን መሥሪያ ቤት ብሎ በየሳጥኑ ያስገባል። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የማየው መጀመሪያ ቆንጆውን ሲቪሽን አይደለም፤ ስም፣ የመጨረሻ ሥራ፣ የልምድ ዓመት፣ ትምህርት የሚሉ ዓምዶች ያሉት ዝርዝር ነው። 300 ሰው ካመለከተ 300ውንም አልከፍትም። መፈለጊያው ላይ የምፈልገውን ቃል እጽፋለሁ፣ የሚወጡልኝን እከፍታለሁ። ሳጥኑ ባዶ የሆነ ሰው ወይም ቃሉ ያልተገኘለት ሰው ክፋት ሳይኖር፣ ማንም «አትረባም» ሳይላት፣ ሳትታይ ትቀራለች።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ተዪው። ባዶ የወርድ ገጽ ክፈቺና ከላይ ወደ ታች በአንድ አምድ ጻፊ። ስምሽ የመጀመሪያው መስመር፣ ስልክና ኢሜይል ሁለተኛው መስመር፣ ሁለቱም ዋናው ገጽ ላይ። ርዕሶቹ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ይሁኑ፤ በእንግሊዝኛ ወርክ ኤክስፒሪያንስ፣ ኤዱኬሽን፣ ስኪልስ በቂ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የሥራ መደቡን፣ የድርጅቱን ስም፣ ከተማውን፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለውን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል አስቀምጪ። ሳጥን፣ ሥዕል፣ ኮከብ አያስፈልግም። ስሙን ማድመቅ፣ ርዕሱን ከፍ ማድረግ ግን ምንም አይጎዳም፤ ሰውም እንዲያነበው ነው የምንጽፈው።

አሁን በእኛ አገር ሲቪዎች ላይ ብዙ ጉዳት አድርሶ ብዙም ወደማይነሳ ነገር ልምጣ፤ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ዲግሪሽን ሐምሌ 2011፣ ሥራሽን ከኅዳር 2013 እስከ ሰኔ 2017 ብለሻል። እንግሊዝኛው ሲቪ ላይ የወሩን ስም እንዳለ በላቲን ፊደል ነው የጻፍሽው። ሶፍትዌሩ ሰኔ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ 2017ን ግን ያውቃል፤ የሚያውቀውም በፈረንጁ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በእሱ ዘንድ አንቺ ከ2017 ወዲህ ምንም ያልሠራሽ ሰው ነሽ። በቅርቡ የለቀቅሽው ሥራ የስምንት ዓመት አሮጌ ይሆናል። ዓ.ም. ብትጨምሪበትም ለውጥ የለውም።

ይህን ስልሽ ከደረሰብኝ ነገር ተነስቼ ነው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ለሲኒየር አካውንታንት ቦታ የመጡትን ማመልከቻዎች ስናጣራ፣ ሥራ ካቆሙ ብዙ ዓመት የሆናቸውን በሶፍትዌሩ ለይተን ሳንከፍታቸው ወደ ጎን አደረግናቸው። ቦታው ከተሞላ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ፋይሎቹን ስከፍት አንዱ ሥራ የለቀቀው ያን ሰሞን ሆኖ አገኘሁት። የጻፈው በእኛው አቆጣጠር ነበር። የ11 ዓመት ልምድ ነበረው፣ ለቦታውም እሱ ይሻል ነበር። ልደውልለት ስልኩን አንስቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ስላጣሁ መልሼ አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የሲቪ ጥያቄ በመጣልኝ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ 7 ዓመት ትጨምሪያለሽ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ጳጉሜን ስድስት የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ በሚመጣው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል፣ ለሲቪ ወርና ዓመት ብቻ ስለሚበቃ ግን አያስጨንቅሽ። በዚህ መሠረት ዲግሪሽ ጁላይ 2019፣ ሥራሽ ከኖቬምበር 2020 እስከ ጁን 2025 ይሆናል። አራት ዓመት ከሰባት ወር ማለት ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ በእኛ አቆጣጠር ስለሚሆን፣ ሲቪውና ደብዳቤው አልገናኝ ብሎት ሰው እንዳይጠራጠርሽ ከሲቪው መጨረሻ ላይ ቀኖቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው የሚል አንድ መስመር ጨምሪ። አንዱን ቀን በዚህ፣ ሌላውን በዚያ አቆጣጠር የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እሱ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ከመመረቅሽ በፊት የተቀጠርሽ ያስመስልሻል።

ቀጥሎ ቃሉ። ሲቪሽ ላይ የሂሳብ ሶፍትዌሩን «ፒችትሪ» ብለሻል። መርካቶም ቦሌም ያለ የሂሳብ ሰው ሁሉ ፒችትሪ ነው የሚለው፣ ችግር የለውም። ነገር ግን የሶፍትዌሩ ስም ወደ ሴጅ 50 የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ነው፣ አያይዘሽ የላክሽልኝ አንደኛው ማስታወቂያም የሚለው ሴጅ 50 ነው። ቀጣሪው መፈለጊያው ላይ ሴጅ ብሎ ቢጽፍ አንቺ አትወጪም። በየቀኑ አራት ዓመት ሙሉ የሠራሽበት ሶፍትዌር ነው! «ሴጅ 50፣ ቀድሞ ፒችትሪ» ብለሽ ሁለቱንም አስቀምጪ። አይኤፍአርኤስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃም እንደዚሁ፤ ምህጻሩንም ሙሉ ስሙንም ጻፊ። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ቃል የሌለበት የአካውንታንት ማስታወቂያ ማግኘት እየከበደ ነው። አንቺ ድርጅታችሁ ወደዚያ ሲሸጋገር አብረሽ ሠርተሽ ከሆነ ጻፊው። ካልሠራሽ አትጻፊው።

ማስታወቂያውን በወረቀት አትሚውና የሚጠይቀውን እያንዳንዱን ነገር አስምሪበት። የሠራሽውን ነገር ማስታወቂያው በሚጠራበት ስም ጥሪው። አንቺ «የባንክ ሂሳብ ማመሳከር» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል የጻፍሽውን እነሱ «ባንክ ሪኮንሲሌሽን» ካሉት፣ ሪኮንሲሌሽን በይው። የሥራ መደብሽ ደብዳቤሽ ላይ «የሂሳብ ሠራተኛ ደረጃ 2» ከሆነ እሱን አትቀይሪው፤ አጠገቡ «አካውንታንት» ብለሽ የሚታወቅበትን ስም ማስከተል ግን ትችያለሽ።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። ለእኔ ስትጽፊ «የ84 ሰው ደመወዝ ብቻዬን ነበር የማዘጋጀው» ብለሻል። ይህን ስንት ቦታ ፈለግሁት መሰለሽ፣ ሲቪሽ ላይ የለም። እዚያ ያለው «ደመወዝ ማዘጋጀት» የሚል ሁለት ቃል ነው። ለእኔ የጻፍሽልኝን ለቀጣሪውም ጻፊለት፦ የ84 ሠራተኞችን ፔይሮል በየወሩ በሴጅ 50 እና በኤክሴል ለብቻዬ አዘጋጅቻለሁ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ አስልቼ በጊዜው አስታውቄአለሁ። ስንት የባንክ ሂሳብ ታስታርቂ ነበር? የተጨማሪ እሴት ታክስ በየወሩ አንቺ ነበርሽ የምታስታውቂው? ኦዲተር ሲመጣ ሰነድ የምታቀርቢው አንቺ ነበርሽ? ቁጥሩን አንቺ ታውቂዋለሽ። እንዲህ ስትጽፊ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ቃልም ሰው የሚፈልገው ማስረጃም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛሉ፣ ለሁለት ለየብቻ መጻፍ አያስፈልግሽም።

በሌሊት፣ በደቂቃ ውስጥ የመጣብሽ መልስ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። ማመልከቻውን ስትሞዪ ጥያቄዎች ነበሩ አይደል? «ቢያንስ የ5 ዓመት ልምድ አለዎት?» የሚል ዓይነት። እነዚህን ጥያቄዎች የሚያስገባው ቀጣሪው ራሱ ነው፤ እኔም ካዛንቺስ በነበረው ቢሮአችን ሳለሁ ብዙ ጊዜ አስገብቻለሁ። «የለኝም» የሚል መልስ ሲመጣ ሶፍትዌሩ በራሱ ማመልከቻውን ዘግቶ ኢሜይል እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል። ሲቪውን ማንም አይከፍተውም። የላክሽልኝን ሁለቱን ማስታወቂያዎች አየኋቸው፣ ሁለቱም አምስት ዓመት ነው የሚሉት። አንቺ አራት መልሰሽ ይሆናል፣ በዚያው ተዘጋ። በዓለም ላይ ምርጥ የሆነ ሲቪ ብታያይዢም መልሱ ያው ነበር።

አምስት ነው ብለሽ ሙዪ አልልሽም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ሲመጣ ይታያል፣ ያን ጊዜ የሚጠፋው ሥራው ብቻ አይሆንም። ይልቅ ጊዜሽን ሦስትና አራት ዓመት በሚጠይቁት ላይ አውዪ። ጥያቄው ቁጥር ብቻ አስገቢ ካለ ወሩን እንዴት እንደሚቆጥር አስተውለሽ 4 ወይም 4.5 አስገቢ፤ «ከአራት በላይ» ብለሽ በፊደል አትጻፊ። የደመወዝ ጥያቄው ላይም ቆም ብለሽ አንብቢ። የውጭ ድርጅቶች ቅጽ ብዙ ጊዜ የዓመት ደመወዝ ነው የሚጠይቀው፣ እኛ ደግሞ የምናስበው በወር ነው። በየትኛው ገንዘብ እንደሆነም ተመልከቺ። በወሩ ያሰብሽውን ብር የዓመት ሳጥን ውስጥ ከከተትሽው ሥራውን የማታውቂ ያስመስልሻል።

የነጭ ቀለሙን ነገር ጓደኛሽ ለመልካም ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ኖትፓድ ላይ የለጠፍኩትን አስታውሺ፤ ቀለም አልነበረውም። ሶፍትዌሩም ጽሑፉን ሲያወጣ ነጩም ጥቁሩም አንድ ይሆናል። እኔ ዝርዝሩን ስከፍት ከሲቪሽ መጨረሻ የራሴ ማስታወቂያ ቃል በቃል ተለጥፎ አገኘዋለሁ። እንዲህ ያለ ሲቪ ደርሶኝ ያውቃል። የሂሳብ ሰው ለመቅጠር ቁጭ ባልኩበት ሰዓት የተደበቀ ጽሑፍ ሳገኝ ቀሪውን አላነበብኩትም፤ ገንዘብ የምናስረክበው ሰው ነበር የምንፈልገው።

በአማርኛ የምታዘጋጂው ሲቪም ቢሆን፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለአገር ውስጥ ድርጅት፣ የራሱ ችግር አለው። በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ በውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚስለው። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ግን ዛሬም በድሮው ፎንት የሚጽፉ የጽሕፈት ቤቶች አሉ። ፈተናው ያው ኖትፓድ ነው፤ ስትለጥፊው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው፣ ወደማይነበብ ነገር ከተለወጠ እንደ አዲስ በኒያላ ወይም በኤብሪማ ይጻፍ።

ሞክሼ ፊደላትንም አትርሺ። እኔና አንቺ «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» አንድ ነው ብለን እናልፋለን፣ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። መፈለጊያ ላይ በሃሌታው ሀ የተጻፈው ሂሳብ በሐመሩ ሐ የተጻፈውን ላያመጣ ይችላል። ሠራተኛና ሰራተኛ፣ ዓመትና አመትም እንደዚያው። የትኛው ትክክል ነው የሚለው ክርክር ይቆየንና፣ ማስታወቂያው እንዴት እንደጻፈው አይተሽ አንቺም እንደዚያው ጻፊ። «ሂ/ሠራተኛ»፣ «የግ/ማ» የመሰሉ ማሳጠሪያዎችን ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘርዝረሽ አስቀምጪ። በቃላት መሀል ሁለት ነጥብ ሳይሆን ክፍት ቦታ ይሁን።

ስምሽን በእንግሊዝኛ ስትጽፊ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያዢ፤ ዲግሪሽ ላይ ያለው ይሻላል፣ ፓስፖርት ካለሽና የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ከየትኛው ጋር እንደምትሄጂ ወስነሽ በሁሉም ቦታ እሱን ብቻ ተጠቀሚ። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ በሦስትና በአራት መንገድ ይወጣል፤ ፀሐይን ስንቱ በስንት ዓይነት ይጽፈዋል? በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት፣ በሲቪው ሌላ ዓይነት ከሆነ ሶፍትዌሩ ሁለት ሰው አድርጎ ሊመዘግብሽ ይችላል። እንደ ወልደ ማርያም ያለ ጥምር የአባት ስም ካለሽ አያይዘሽ እንደ አንድ ቃል ጻፊው፣ ካልሆነ ግማሹ ለብቻው ሌላ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ስልክ ላይ ደግሞ ቅጹ +251ን አስቀድሞ ካስቀመጠልሽ ዜሮዋን ተያት፤ በ9 ወይም በ7 የሚጀምር ዘጠኝ አሃዝ ነው የሚቀረው። ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ በዝቶበት ያልተደወለለት ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም።

ፎቶ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ ሲቪ ላይ አያስፈልጉም። የፋይዳ ቁጥርሽንማ በፍጹም አትጻፊ፤ ሲቪሽ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አታውቂም።

ፋይሉን በተመለከተ፣ ቅጹ የሚጠይቀውን ስጪ፤ ወርድ ካለ ወርድ፣ ፒዲኤፍ ካለ ፒዲኤፍ። ፒዲኤፉ ግን ከወርድ በቀጥታ የተቀየረ ይሁን። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዘንድ የለመድነው አትሞ፣ አስፈርሞ፣ መልሶ ስካን ማድረግ ነው፤ ያ ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ የወረቀት ፎቶ ይሆናል። አንዳንዱ ሶፍትዌር ከፎቶ ፊደል ለማውጣት ይሞክራል፣ አንዳንዱ ባዶ ገጽ ብሎ ያልፈዋል። ፒዲኤፍ ከፍተሽ በማውስ አንድ ቃል ብቻ ለመምረጥ ሞክሪ፤ ቃሉ ከተመረጠ ጽሑፍ ነው፣ ካልተመረጠ ፎቶ ነው። ፒዲኤፍ ሲሆንም ኖትፓዱን አትዝለዪው፤ አንዳንድ ጌጠኛ ፎንቶች «ፋይናንስ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ ያሉትን ኤፍና አይ አጣብቀው አንድ ምልክት ያደርጓቸዋል፣ ሲገለበጥ ምልክቱ ይጠፋና «ናንስ» ብቻ ይቀራል። ለሂሳብ ሰው ደግሞ ይህ ቃል መጥፋት የለበትም። ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና ደብዳቤሽን ከሲቪው ጋር በአንድ ፋይል አትጠርዢአቸው፤ ማያያዣ ቦታ ሲኖር ለየብቻ ይገባሉ።

የተባበሩት መንግሥታትን ሥራዎች እንደምትመኚ ጽፈሻል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እንደ ሌሎቹ የሴክሬታሪያቱ መሥሪያ ቤቶች ኢንስፒራ በሚባለው የማመልከቻ ድረ ገጽ በኩል ነው የሚቀጥረው። እዚያ የሲቪው መልክ ዋጋ የለውም፤ የሥራ ታሪክሽን ራስሽ በቅጹ ሳጥኖች ውስጥ ትሞያለሽ፣ የሚመዘነውም ያ ነው። ስለዚህ ከላይ ያልኩሽ የቀንና የቃል ነገር እዚያም ይሠራል፣ የአምዱና የሠንጠረዡ ግን አይመለከተውም። የተባበሩት መንግሥታት በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ገንዘብ እንደማይጠይቅም ያዢ፤ በእነሱ ስም ክፈዪ የሚልሽ ካለ አጭበርባሪ ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቀጣሪ አሁንም ሲቪ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ተቀብሎ፣ ስልኩ ላይ ከፍቶ በዓይኑ ያነባል። ባለ አንድ አምዱ ሲቪ እዚያም ይሻላል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ሁለት አምድ ማንበብ ያደክማል። ሁለት ዓይነት ማዘጋጀት አያስፈልግሽም።

ልጁ በ2,000 ብር የሚሠራልሽ ነገር ከዚህ የሚያልፍ አይመስለኝም፤ የ84 ሰው ደመወዝ ብቻሽን ትሠሪ እንደነበር ደግሞ እሱ አያውቅም። ኤቲኤስ የሚባል አንድ ማሽን የለም፣ እያንዳንዱ ድርጅት የተለያየ ሶፍትዌር፣ የተለያየ ጥያቄ፣ የተለያየ ማጣሪያ ነው ያለው፤ ስለዚህ «በእርግጠኝነት ያልፋል» የሚልሽ ሰው የማያውቀውን ነው የሚሸጥልሽ። ኮምፒውተር ከሌለሽ ለአንድ ሁለት ሰዓት ኢንተርኔት ቤት ተቀመጪ፣ ፋይሉን ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪው፣ ከቤቱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አጥፍተሽ ውጪ። መጀመሪያ ቀኖቹን፣ ቀጥሎ ስምሽን ከሄደር ማውጣቱን፣ ከዚያ አንድ አምድ ማድረጉን። ዓረፍተ ነገሮቹን በመጨረሻ፣ ማስታወቂያውን አጠገብሽ አስቀምጠሽ።

ስትጨርሺ ሲቪውን አትላኪልኝ። ኖትፓድ ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ ላኪልኝ፣ እሱን ነው የማየው።